ዋጋው ይጻፍ

በአዲስ አበባ በማኅበራዊ ሚዲያ የሚነግዱ ሱቆችን ገጾች ተራ በተራ የሚያይ ሰው «ለዋጋ በውስጥ መስመር ያናግሩን» የሚለው ማሳሰቢያ ደጋግሞ ይገጥመዋል። ጫማም ይሁን ሶፋ፣ የሐበሻ ቀሚስም ይሁን የልደት ኬክ፣ ፎቶው ያምራል፤ ስልክ ቁጥሩ ተጽፏል፤ አድራሻውም «ከእንትን ሕንፃ ፊት ለፊት፣ ሁለተኛ ፎቅ» ተብሎ ተቀምጧል። ዋጋው ግን የለም። ከሥሩ ያለው የአስተያየት ቦታ «ስንት ነው?» በሚሉ ሰዎች ይሞላል፤ ባለ ገጹም ለእያንዳንዳቸው «በውስጥ ልከንልዎታል» እያለ ሲመልስ ይውላል። ሥራዬ አነስተኛ ሱቆች የቴሌግራም፣ የቲክቶክና የፌስቡክ ገጻቸውን ሥርዓት እንዲያስይዙ ማገዝ በመሆኑ ይህን ልማድ በየዕለቱ በቅርብ አየዋለሁ። ነጋዴዎች ብዙ ጊዜ የሚጠይቁኝ ተከታይ እንዴት እንደሚበዛ፣ ቪዲዮ በየትኛው ሰዓት ቢለጠፍ እንደሚሻል፣ ቡስት፣ ማለትም ልጥፍን ከፍሎ ለብዙ ሰው ማሳየት፣ ስንት እንደሚፈጅ ነው። እኔ ደግሞ ከዚህ ሁሉ በፊት ዋጋቸውን እንዲጽፉ እለምናቸዋለሁ። ይህን ሐሳብ የምገፋው ነጋዴው ራሱ ከማንም በላይ ስለሚጠቀምበት ነው።

ነገሩን በገዢው በኩል እንየው። አንዲት ሴት ለእኅቷ ሠርግ የሚሆን ቀሚስ ትፈልጋለች እንበል። ስልኳን የምትከፍተው ከሥራ ገብታ፣ ልጆቿን አስተኝታ፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። በዚያ ሰዓት የሽሮ ሜዳ ሱቆች ተዘግተዋል፤ ባለሱቆቹም ደክሟቸው ቤታቸው ገብተዋል። አራት ሱቆች ውስጥ መስመር ገብታ «ዋጋው ስንት ነው?» ብላ ትጽፋለች። አንዱ በዚያው ሌሊት ይመልስላታል፤ ሁለቱ በማግሥቱ ረፋድ ላይ ይመልሳሉ፤ አራተኛው ጭራሽ አያየውም። በማግሥቱ የመለሱት ሁለቱ ሱቆች «ሰው ይጠይቃል እንጂ አይገዛም» ብለው ሲያማርሩ ይውላሉ፤ ሴትየዋ ግን ወይ ሌሊት ከመለሰላት ሰው ጋር ተስማምታለች፣ ወይም ሐሳቧ ወደ ሌላ ጉዳይ ዞሯል። ዋጋው ከፎቶው ሥር ተጽፎ ቢሆን ኖሮ ማንም ሳይነቃ ውሳኔዋን በዚያው ምሽት በጨረሰች ነበር።

ከዚህ የሚከፋው ደግሞ ጭራሽ የማይጠይቀው ሰው ነው። በእኛ ዘንድ ዋጋ ጠይቆ፣ ሲነገሩት ዝም ብሎ መውጣት ያሳፍራል። መርካቶ ውስጥ እንኳ ሰው «መጣሁ፣ ዞር ብዬ ልመለስ» ብሎ ይሰናበታል እንጂ «ይህ ከአቅሜ በላይ ነው» ብሎ አይወጣም። በስልክ ደግሞ ስሙና ፎቶው ለማያውቀው ነጋዴ ስለሚታይ እፍረቱ ይብሳል። አቅሙን የሚጠራጠር ሰው ዋጋው ከኪሱ ጋር የሚስማማ ሆኖ ሳለ እንኳ ሳይጠይቅ ያልፋል። ነጋዴው ይህን ሰው መቼም አያየውም፤ በየትኛውም ቁጥር ውስጥ አይገባለትምና የጠፋበትን ሽያጭ ሊቆጥረው አይችልም።

ነጋዴዎች ዋጋ የሚደብቁት ግን ያለ ምክንያት አይደለም፤ ምክንያታቸውን ሳይሰሙ «ጻፉ» ብሎ መምከር ክብራቸውን መንካት ነው። ሽሮ ሜዳ የባህል ልብስ የሚሸጡ፣ ለረጅም ጊዜ አብሬያቸው የሠራሁ አንዲት እናት አሉ። ስለ ዋጋ መጻፍ መጀመሪያ ሳነሣባቸው እጃቸውን ከመነን ጥቅሉ ላይ ሳያነሡ፦ «ልጄ፣ እኔ ዛሬ ዋጋዬን ብለጥፍ ጎረቤቴ ነገ መቶ ብር ቀንሶ ይለጥፋል። ታዲያ ማን ያተርፋል?» አሉኝ። «እትዬ፣ ጎረቤትዎ ዋጋዎን ዛሬም ያውቀዋል፤ የማያውቀው ደንበኛዎ ብቻ ነው» ብዬ መለስኩላቸው። ይህ በሁሉም ገበያ የሚታይ እውነት ነው። በአንድ መደዳ ያሉ ሱቆች የአንዳቸውን ዋጋ ሌላው አሳምሮ ያውቃል፤ ከአንድ ሸማኔ ይረከባሉ፣ ዕቃ ሲያልቅባቸውም ይዋዋሳሉ። ዋጋን መደበቅ የሚጋርደው ገዢውን ብቻ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ክርክር ነው። የእኛ ገበያ የድርድር ገበያ ስለሆነ ነጋዴው መጀመሪያ ከፍ አድርጎ መጥራት፣ ከዚያ ደንበኛው ደስ እንዲለው መቀነስ ለምዷል። የተጻፈ ዋጋ ይህን በር የሚዘጋ ይመስለዋል። በተግባር ያየሁት ግን ዋጋው ተጽፎም ሰው «መጨረሻው ስንት ነው?» ማለቱን እንደማያቆም ነው። ልዩነቱ ክርክሩ ከተጻፈው ቁጥር መነሣቱ ነው። ከ9,000 ብር ተነሥቶ አምስት መቶ ብር እንዲቀነስለት የሚለምን ሰው ሊገዛ የመጣ ሰው ነው። ምንም ሳያውቅ የጠየቀው ግን 9,000 የሚለውን ሲሰማ ደንግጦ ሊሸሽ ይችላል፤ እሱን ለማስረዳትና ለማግባባት የጠፋው ግማሽ ሰዓትም አብሮ ይባክናል።

ሦስተኛው የዋጋ አለመርጋት ነው፤ ይህ በእርግጥ ከባድ ጉዳይ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ከውጭ በሚገባ ክር፣ ጨርቅና መለዋወጫ የሚሠራ ነጋዴ ሰኞ የጻፈው ዋጋ ዓርብ ሊያከስረው የሚችልበት ጊዜ ነበር። ለዚህ የማውቀው መፍትሔ ዋጋን ከነቀኑ መጻፍ ነው፦ «ይህ ዋጋ እስከ ኅዳር 30 ይጸናል» ማለት። እንዲህ የተጻፈ ዋጋ ሁለት ሥራ ይሠራል። ለነጋዴው ከኪሳራ መከለያ ይሆነዋል፤ ለገዢው ደግሞ ውሳኔውን የሚያፋጥንበት እውነተኛ ምክንያት ይሰጠዋል። በየገጹ ዓመቱን ሙሉ ከሚለጠፈው «ቅናሹ ሊያበቃ ነው» የተለየ የሚያደርገውም በእርግጥ የሚያበቃ መሆኑ ነው።

አራተኛውን ምክንያት ነጋዴው ጮክ ብሎ አይናገረውም፤ ግብር ነው። በ2009 ዓ.ም. ክረምት ለግብር የተሠራው የቀን ገቢ ግምት ባስነሣው ቅሬታ ሱቆች እስከ መዘጋት መድረሳቸውን የሚያስታውስ ባለሱቅ፣ ዋጋውንና ሽያጩን በአደባባይ ማሳየት ያስፈራዋል። ፍርሃቱን አላጣጥልም። ነገር ግን ዋጋን መደበቅ ከዚህ ሥጋት አያስጥልም፤ ማወቅ የፈለገ ሰው እንደማንኛውም ደንበኛ ውስጥ መስመር ገብቶ መጠየቅ ይችላልና። በዚያ ላይ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ የሚሸጠውን ዕቃ ዋጋ ለሸማቹ በግልጽ እንዲያሳይ ግዴታ ጥሎበታል። በሱቁ ግድግዳ ላይ ዋጋ የመለጠፍ ግዴታ ያለበት ሰው በስልክ መስኮት ላይ የሚሸሽግበት ምክንያት አይታየኝም።

በልክ ለሚሠራ ነገር ዋጋ መጻፍ ግን በእርግጥ ጥበብ ይጠይቃል። የሐበሻ ቀሚስ እንደ ታሸገ ሳሙና አንድ ዋጋ የለውም፤ የጥበቡ ስፋት፣ የጥልፉ ብዛት፣ የጨርቁ ዓይነት፣ የለባሿ ቁመት ሁሉ ይለውጡታል። ከእትዬ ጋር የተስማማንበት መንገድ ፎቶው ላይ የሚታየውን ቀሚስ ዋጋ በቀጥታ መጻፍ፣ ከዚያ ምን ሲጨመር ምን ያህል እንደሚጨምር ማስከተል ነበር። «በፎቶው ያለው በዚህ ዋጋ ነው፤ ነጠላ ሲጨመር ይህን ያህል፣ ጥበቡ እስከ ጉልበት ሲሆን ይህን ያህል» እያልን ጻፍን። ደንበኛዋ ይህን ስታነብ ዋጋው ለምን እንደሚለያይ ይገባታል፤ ጎረቤት ሱቅ ረከስ ብሎ ያየችው ቀሚስ የጎደለው ምን እንደሆነም ራሷ ትለያለች። ያለቀ ዕቃ ሲኖርም ልጥፉን ከመሰረዝ ይልቅ እዚያው አስተካክሎ «ተሽጧል» ማለት ይሻላል። ቴሌግራም ቻናል ላይ የተለጠፈን ጽሑፍ ባለቤቱ ማስተካከል ስለሚችል ሥራው የአንድ ደቂቃ ነው። «ተሽጧል» የሚል ምልክት በየመሐሉ ያለበት ቻናል የሚሠራ ሱቅ እንደሆነ ያስታውቃል።

ዋጋው ከተጻፈ በኋላ ደንበኛው የሚያነሣው ጥያቄ «ለዚህ ገንዘብ የማገኘው በእርግጥ ይህን ነው ወይ?» የሚል ነው። ለዚህ መልሱ ፎቶ ላይ ነው። ከሌላ ዲዛይነር ገጽ ላይ የተወሰደ ፎቶ ለጥፎ «እንዲህ እንሠራለን» ማለት በባህል ልብስ ንግድ ውስጥ እጅግ የተለመደ ሆኗል፤ ደንበኛዋ የተረከበችውን ከፎቶው ጋር ስታስተያየው የሚሰማት መከዳት ሱቁን ብቻ ሳይሆን የመንደሩን ስም ሁሉ ያጎድፋል። እኔ የምመክረው የራስን ዕቃ፣ በቀን ብርሃን፣ በር ላይ አውጥቶ ማንሣትን ነው። የሱቅ አምፖል ነጩን መነን ወይ ቢጫ ወይ ሰማያዊ ያስመስለዋል። በተለይ አጭር ቪዲዮ ሲቀረጽ እጅ የቀሚሱን ጠርዝ ይዞ ግልባጩን ቢያሳይ ብዙ ይናገራል። ጥበብ መስሎ የታተመ ጨርቅ ሲገለበጥ ቀለሙ ይደበዝዛል፤ በእጅ የተጠለፈው ግን ከጀርባው ክሩ የሄደበትና የታሰረበት ቦታ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሱቅ ድረስ የምትመጣ ሴት መጀመሪያ የምታደርገው ይህንኑ ነው፤ ጨርቁን ታነሣለች፣ ትገለብጣለች፣ በጣቷ ታሻሸዋለች። እትዬ ይህን ቪዲዮ ሲቀርጹ ከማጀቢያ ሙዚቃ ይልቅ የራሳቸውን ድምፅ አስገቡ፤ ክሩ ምን እንደሆነ፣ የት እንደተሸመነ፣ እንዴት እንደሚታጠብ በሚናገሩበት ለዛ ተናገሩ። ከቻናሉ ልጥፎች ሁሉ ስንት ሰው እንዳየው የሚያሳየው፣ በዓይን ምልክቷ ጎን ያለው ቁጥር ከፍ ብሎ ያየሁት በዚያኛው ላይ ነበር።

የመለጠፊያ ጊዜን በተመለከተ ከውጭ አገር ምክሮች የምንወስደው «ማክሰኞ በዚህ ሰዓት ለጥፉ» የሚል መመሪያ ብዙም አይረዳንም። የእኛ ገዢ የሚንቀሳቀሰው በራሱ ቀን መቁጠሪያ ነው። በኦርቶዶክስ ምዕመናን ዘንድ በሃምሳ አምስት ቀኑ ዐቢይ ጾም ሠርግ ስለማይደገስ ሠርጉ ሁሉ ጥር ላይና ከፋሲካ ወዲያ ይከማቻል። በእጅ የሚሸመን ልብስ ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል። ስለዚህ የጥር ሙሽሮች ልብስ መታየት ያለበት ጥቅምትና ኅዳር ላይ ነው፤ ጥምቀት ሲደርስ የሚለጠፍ ፎቶ የሚያስገኘው ምስጋና ብቻ ነው። የእንቁጣጣሽ ትእዛዝም ሐምሌ ላይ መጀመር አለበት። የረመዳንና የዒድ ገበያ በጨረቃ አቆጣጠር ስለሚሄድ በየዓመቱ አሥራ አንድ ቀን ገደማ ቀድሞ ይመጣል፤ ያለፈውን ዓመት ቀን ይዞ የሚጠብቅ ነጋዴ ገበያው ያመልጠዋል። ምግብ ቤት ያላቸው ወዳጆቼ ይህን ከሁላችንም በላይ ያውቁታል፤ ዓርብ ቀትር ላይ የክትፎ ቪዲዮ የሚለጥፍ ምግብ ቤት ከደንበኞቹ ግማሹን እያስቀየመ ነው፤ በዚያው ሰዓት የበየዓይነቱ ትሪ ከነዋጋው ቢለጥፍ ግን ለምሳ የወጣውን ሰው እግር ወደ ራሱ ይመራል።

ስለ ተከታይ ብዛት ብዙ ማለት አልፈልግም። የሚሸጡ ተከታዮችን መግዛት ገንዘብ መጣል ነው፤ ከማይገዛ ሰው ቁጥር ጋር መፎካከርም እንዲሁ። ይልቅ የየመድረኩን ጠባይ መለየት ይጠቅማል። ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በ2018 መጀመሪያ ላይ ከንግድ ገጾች ይልቅ የወዳጅና የቤተሰብ ልጥፎችን እንደሚያስቀድም በይፋ ካስታወቀ ወዲህ፣ አንድ የንግድ ገጽ ያለ ክፍያ ተከታዮቹን ሁሉ እደርሳለሁ ብሎ ተስፋ ማድረግ አይችልም። ቲክቶክ በተቃራኒው ተከታይ ላልሆነ ሰው ቪዲዮን ስለሚያሳይ የማያውቅህ ሰው እንዲያገኝህ ያደርጋል። ቴሌግራም ቻናል ደግሞ አንዴ የገባን ሰው ልጥፉን በተለጠፈበት ቅደም ተከተል ያደርሰዋል። ስለዚህ በቲክቶክ የመጣውን ሰው ወደ ቴሌግራም ማሻገር፣ እዚያም ዋጋውን፣ አድራሻውንና የአከፋፈሉን መንገድ የያዘ አንድ ልጥፍ ከላይ ፒን አድርጎ ማቆየት ለአነስተኛ ሱቅ በቂ ሥርዓት ነው ብዬ አምናለሁ። አድራሻው «ፊት ለፊት» ብቻ ሆኖ እንዳይቀር የካርታ ምልክቱ አብሮ ይቀመጥ። ግንቦት 2013 ዓ.ም. ቴሌብር ከመጣ ወዲህ ቀብድ መቀበል ቀሏል፤ ነገር ግን የተላከ የክፍያ ፎቶ አይቶ ዕቃ ማስረከብ አይገባም፤ ገንዘቡ መግባቱን በራስ ስልክ ማረጋገጥ የግድ ነው።

ቡስትን የምመክረው ይህ ሁሉ ከተስተካከለ በኋላ ብቻ ነው። የፌስቡክና የኢንስታግራም ማስታወቂያ በውጭ ምንዛሪ በሚሠራ ካርድ ስለሚከፈል አብዛኛው ነጋዴ በአገናኝ ሰው በኩል ያሠራል። በዚህ መሐል የሚደርሰው ትልቁ ጉዳት የገጹን የይለፍ ቃል አሳልፎ መስጠት ነው። ማስታወቂያ ለሚያሠራ ሰው የተወሰነ ፈቃድ ብቻ መስጠት ይቻላል፤ ገጹን ሙሉ በሙሉ ማስረከብ አያስፈልግም። የቴሌግራም ቻናልም የከፈተው ሰው ንብረት ነው። ብዙ ሱቆች ቻናላቸው የተከፈተው በአንድ ተላላኪ ወይም በዘመድ ልጅ ስልክ ቁጥር ነው፤ ልጁ ሥራ የለቀቀ ዕለት ደንበኞቹም አብረውት ይሄዳሉ። የቻናልን ባለቤትነት ወደ ባለሱቁ ስልክ ማዛወር ይቻላል፤ ለዚህ ባለ ሁለት ደረጃ የይለፍ ቃል አስቀድሞ መከፈት አለበት። እኔ አዲስ ሱቅ ስይዝ መጀመሪያ የምጠይቀው ይህንን ነው፦ ገጹ የተከፈተው በማን ስልክ ነው?

ከዚሁ ጋር የደንበኞችን ስልክ ቁጥር ደብተር ላይ መመዝገብ ግዴታ መሆኑን መናገር አለብኝ። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ቲክቶክ፣ ቴሌግራምና ዩቲዩብ በአገር ውስጥ ተገድበው በቆዩባቸው ወራት በቪፒኤን፣ ማለትም ገደቡን በሚያሳልፍ መተግበሪያ፣ መግባት የሚችል ሰው ነበር፤ ነገር ግን ብዙ ደንበኛ ይህን አያውቅም ነበር። ቁጥር በደብተር የያዙ ሱቆች ደውለው፣ አጭር መልእክት ልከው ገበያቸውን አቆዩ። እንዲህ ያለ ደብተር ሲያዝ ደንበኛው ቁጥሩ ለምን እንደሚመዘገብ እንዲያውቅና እንዲፈቅድ መደረግ አለበት፤ ያልፈቀደን ሰው በመልእክት ማስቸገር ደንበኛን ማባረር ነው።

በውጭ አገር ለሚኖሩ ደንበኞች የሚነገረው ዋጋ ጉዳይም በግልጽ መነሣት አለበት። ከዋሽንግተን ወይም ከጅዳ የሚጠይቅን ሰው በድምፁና በስልክ ቁጥሩ ለይቶ ዋጋ ከፍ ማድረግ በብዙዎች ዘንድ እንደ ብልሃት ይቆጠራል። እኔ እንደ በደል ነው የማየው፤ ደግሞም አያዋጣም። ከውጭ የምትጠይቀው ሴት አዲስ አበባ እኅት አላት፤ እኅቷ በማግሥቱ ሱቅ ገብታ ትጠይቃለች። ዋጋው ለሁሉም አንድ ሆኖ፣ የመላኪያው ወጪ ተለይቶ ሲጻፍ ግን በውጭ ያለው ሰው ያለ ጥርጣሬ ይከፍላል፤ ለዘመዶቹም ገጹን ያሻግራል። የሰዓት ልዩነቱም ዋጋ መጻፍን ይበልጥ ያስገድዳል፤ በዋሽንግተን ከሥራ መልስ የሚጠየቅ ጥያቄ እዚህ እኩለ ሌሊት ላይ ነው የሚደርሰው።

እትዬ ዋጋ መጻፍ ከጀመሩ ወዲህ ውስጥ መስመራቸው ጸጥ አላለም፤ የሚመጣው ጥያቄ ግን ተለወጠ። «ስንት ነው?» ቀረና «ቁመቴ ይህን ያህል ነው፣ ይበቃኛል?»፣ «ጥበቡ በአረንጓዴ ይሠራልኛል?»፣ «ለጥር 10 ይደርሳል?» የሚሉ መጡ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓይነት ጥያቄዎች አሁን ከየልጥፉ ሥር አስቀድመን እንመልሳቸዋለን፤ የልክ አወሳሰዱንም በአጭር ቪዲዮ አሳይተው ፒን አድርገዋል። ሦስተኛው ግን ገና አልተፈታልንም። ሸማኔው ሲታመም፣ ክር ሲጠፋ፣ መብራት ሲቋረጥና ጥልፉ ሲዘገይ ቀኑ ይገፋል፤ እትዬም ዋጋን በአደባባይ ለመጻፍ ከወሰኑበት ይልቅ የማስረከቢያ ቀንን ለመጻፍ ብዙ ያመነታሉ። በዚህ ሳምንት የተነጋገርነው ቀኑን ለመጻፍ በማይደፍሩባቸው ትእዛዞች ላይ ቢያንስ ሥራው የደረሰበትን፣ ማለትም መሸመኑን፣ መጠለፉን ወይም መሰፋቱን በየሳምንቱ ለደንበኛዋ ፎቶ አንሥተው እንዲልኩ ነው። እሳቸውም ሸማኔውን አማክረው እንደሚነግሩኝ ቃል ገብተውልኛል።